ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስና የደብረ ብርሃኑ ስብሰባ

የፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ስም ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ሐኪምነታቸውን ነው፤ አለዚያም እስራታቸውን። በመካከሉ ያለችውን አጭር ጊዜ ግን ብዙዎቻችን ዘለን እናልፋታለን። መምህሩ ከማስተማሪያ ክፍል ወጥተው ሕዝብ ፊት የቆሙት በዚያች ጊዜ ስለሆነ፣ ለእኛ ለመምህራንና ለዕጩ መምህራን ዋናዋ እሷ ትመስለኛለች።

ዐሥራት በሰኔ ወር 1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ድሬዳዋ ኖረዋል። አባታቸውን ያጡት በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች በፈጸሙት ጭፍጨፋ ነው። ከነጻነት በኋላ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያ በግብፅ ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በስኮትላንድ ኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ። ወደ ሀገራቸው ተመልሰው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆኑ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙት አንዱ ሲሆኑ በዲንነትም መርተውታል። ንጉሠ ነገሥቱን ጭምር አክመዋል።

እንግዲህ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት ደርሶ ነበር። ሌላው ሰው ቢሆን ጡረታውን ያስባል። እሳቸው ግን በዚያው ዓመት ሰኔ ማለቂያ ላይ አዲስ አበባ በተደረገው የሰላምና የዴሞክራሲ ጉባኤ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው ተገኙ። ኤርትራ እንድትገነጠል የሚያደርሰውን መንገድ በግልጽ ተቃወሙ። በዚያ አዳራሽ ይህን የሚል ሰው እምብዛም አልነበረም።

በጥር 1984 ዓ.ም. የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅት፣ በአጭሩ መዐሕድ፣ ተመሠረተ፤ ሊቀ መንበሩም ዐሥራት ሆኑ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የሀገር አንድነት ይከበር ሲሉ የኖሩ ሰው እንዴት በብሔር ስም ድርጅት መሩ? ያን ጊዜም የጠየቁ ነበሩ፤ ዛሬም ይጠየቃል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አዲሱ ሥርዓት የፖለቲካውን በር የከፈተው በብሔር ለተደራጀ ነበር። በአርሲ አርባ ጉጉና በሐረርጌ በደኖ ደግሞ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ ብዙዎቹ ዐማሮች ነበሩ። ለእነዚህ የሚጮህ ድርጅት አልነበረም። እኔ ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ተመልሷል አልልም። ዳሩ ግን ዝም ብሎ መቀመጥም መልስ አልነበረም።

መዐሕድ ጠመንጃ አላነሣም። ሥራው ስብሰባ መጥራት፣ አባል መመዝገብ፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት መክፈት ነበር። እንዲያው ቀላል ይመስላል እንጂ፣ ለዘመናት ከላይ የመጣለትን ትእዛዝ ሲሰማ ለኖረ ሕዝብ ተሰብስቦ ስለ ራሱ መናገር ራሱ አዲስ ነገር ነው። ብዙ ሳይቆይ ጽሕፈት ቤቶቹ ይዘጉ፣ አባላቱም ይታሰሩ ጀመር።

በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. ዐሥራት ደብረ ብርሃን ወጡ። ደብረ ብርሃን ማለት የመንዙም፣ የግሼውም፣ የመርሐቤቴውም ሰው የመንግሥት ጉዳዩን ይዞ የሚመጣባት የሰሜን ሸዋ ዋና ከተማ ናት። በዚያ ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ ንግግር አደረጉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከ40 በላይ ከሚሆኑ መምህራን ጋር ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። ዕድሜ ልኩን ያስተማረ ሰው ተማሪዎቹን የሚሰናበትበት ቀን እንኳ አልተሰጠውም ማለት ነው።

በሰኔ 1986 ዓ.ም. የትጥቅ አመፅ አሢረዋል ተብለው ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ደግሞ በዚያ በደብረ ብርሃኑ ንግግር ሕዝብን ለአመፅ አነሣሥተዋል ተብለው ሦስት ዓመት ተጨመረባቸው። ክሱን አልተቀበሉትም፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናልም የኅሊና እስረኛ ብሏቸዋል። አንድ ንግግር፣ ሦስት ዓመት!

በእስር ቤት የልብ ሕመም ጸናባቸው። ስንቱን ያከመ ሐኪም ራሱ ሕክምና ለማግኘት ብዙ ጠበቀ። ተፈትተው ወደ ውጭ እንዲወጡ የተፈቀደላቸው በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ግንቦት 6 ቀን በአሜሪካ ፊላዴልፊያ አረፉ። ሰባ አንድ ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ያህል ቀርቷቸው ነበር።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓሱን በስማቸው ሰይሞታል። ለንግግራቸው በተከሰሱባት ከተማ የሰሜን ሸዋ ልጆች ሐኪምነት ይማሩበታል።