ጄኔራል ዊንጌት፦ አንድ ሰው በሁለት ሚዛን

አዲስ አበባ ውስጥ ጄኔራል ዊንጌት ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ሰውየው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ፣ አለዚያም ሰፈሩ ነው። ይህ ስም በፍልስጤም ምን ዓይነት ትዝታ እንደሚቀሰቅስ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለ ቁድስና ስለ ዘላቂ ሰላም በየመስጊዱ ደጃፍና በየሻይ ቤቱ በምንከራከርበት በዚህ ዘመን የዚህን ሰው ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። (ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት በ1903 ሕንድ ውስጥ ከእንግሊዛውያን ወላጆች ተወለደ። ቤተሰቡ ጥብቅ ፕሮቴስታንት ስለነበር የብሉይ ኪዳንን የጦርነት ታሪኮች እየሰማ አደገ። መኮንን ከሆነ በኋላ ዐረብኛ ተምሮ ከ1928 እስከ 1933 በሱዳን አገለገለ። በ1936 ወደ ፍልስጤም የተላከው ይህ ዐረብኛ አዋቂ ግን ልቡ ወደ ጽዮናውያን አዘነበለ፤ ዕብራይስጥ ማጥናት ጀመረ፤ የአይሁድ መንግሥት እንዲቋቋምም አጥብቆ ይሟገት ነበር።

ወቅቱ የፍልስጤም ዐረቦች በእንግሊዝ አገዛዝና ከዓመት ዓመት እየጨመረ በሄደው የአይሁድ ፍልሰት ላይ የተነሡበት የ1936–1939 ታላቁ አመፅ ነበር። ከመጤዎቹ ብዙዎቹ የሂትለርን ጭካኔ ሸሽተው የመጡ መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን አውሮፓ ውስጥ ለተፈጸመው ግፍ ዋጋ ክፈል የተባለው ምንም ያላጠፋው የፍልስጤም ገበሬ ነበር።

ዊንጌት በ1938 የእንግሊዝ ወታደሮችንና የሃጋናን አባላት አቀላቅሎ ልዩ የሌሊት ጓዶችን አቋቋመ። ዓላማው ከኢራቅ ወደ ሃይፋ የሚዘረጋውን የነዳጅ ቧንቧ መጠበቅ ነው ቢባልም፣ ጓዶቹ በጨለማ ወደ ዐረብ መንደሮች እየገቡ ገበሬዎችን ገርፈዋል፣ ያለ ፍርድም ገድለዋል። ይህን የሚሉት ዐረቦች ብቻ አይደሉም፤ ከጓዶቹ አባላት መካከል በኋላ የመሰከሩ አሉ፤ የእስራኤል ታሪክ ጸሐፊዎችም ጽፈውታል። በኋላ የእስራኤል ጦር መሪዎች የሆኑት ሞሼ ዳያንና ይጋል አሎን በዊንጌት እጅ ከሠለጠኑት ውስጥ ናቸው። የገዛ አለቆቹ ግን ወገንተኛነቱ አሳስቧቸው በ1939 ከፍልስጤም አስወጡት፤ ተመልሶም እንዳይገባ ከለከሉት።

በ1940 መጨረሻ ደግሞ ይኸው ሰው ካርቱም ብቅ አለ። ተግባሩ ኢትዮጵያን ከፋሺስት ጣሊያን ነፃ ለማውጣት አርበኞችን መርዳት ነበር። ሁለት ሺህ ገደማ ለሆነው ጦሩ ከብሉይ ኪዳን ወስዶ የጌዴዎን ጦር የሚል ስም አወጣለት። የስሙ ነገር እንዲህ ይሁን እንጂ ዋናው የጦሩ ጉልበት የሱዳን ሻለቃ ነበር፤ የሻለቃውም አብዛኞቹ ወታደሮች ሙስሊሞች ነበሩ። ጸሐፊው አብርሃም አካቪያ ከፍልስጤም የመጣ አይሁዳዊ ነው። አርበኞቹ ደግሞ የዚችው አገር ልጆች ናቸው። ስንቅና ጥይት የተሸከሙት ግመሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ በመንገዱ ክፋትና በደጋው ብርድ አብዛኞቹ አልቀዋል።

ይህ ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ ጎጃምን ሲያስለቅቅ፣ በሜጀር ሲሞንድስ የሚመራ አንድ ክፍል ወደ በጌምድር ዘልቆ በደብረ ታቦር አካባቢ ከአገሬው አርበኞች ጋር ተዋግቷል። እስቴንና ስማዳን ከጎጃም የሚለያቸው ዓባይ ብቻ በመሆኑ፣ ጦርነቱ ለዚያ አገር ሰው የሩቅ ወሬ አልነበረም። ደብረ ታቦር የመሸገው የጣሊያን ጦር በጁላይ 1941 እጁን ሰጠ። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬ ነፃነት ማለት ባዕድ ጌታ ከማሳውና ከደጃፉ መነሣቱ ነው። የገሊላው ገበሬስ የፈለገው ከዚህ የተለየ ምን ነበር?

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ዊንጌት በፈረስ ሆኖ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። ኢትዮጵያ ሌላ ቅኝ ገዢ እንዳይተካባት ከገዛ ወገኖቹ ጋር የተከራከረ መሆኑም ሊነገርለት ይገባል። ከዚያ በኋላ ካይሮ ላይ በሕመምና በተስፋ መቁረጥ ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ተረፈ። በመጨረሻም በበርማ ጃፓኖችን ሲዋጋ ቆይቶ ማርች 24 ቀን 1944 የተሳፈረበት አውሮፕላን ሕንድ ውስጥ ተከስክሶ በ41 ዓመቱ ሞተ።

ስሙ ግን በሁለት አገር ቀረ። አዲስ አበባ በ1946 በስሙ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እስራኤል ውስጥ የስፖርት ተቋምና የሚን ኦርድ የሚባል የልጆች መንደር በስሙ ተሰየሙ፤ በዚያ መንደር ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ የቤተ እስራኤል ልጆች አድገዋል። በሌላ በኩል በ1947 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፍልስጤም እንድትከፈል ድምፅ ሲሰጥ ኢትዮጵያ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች። በ1973 ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣ በ1989 ቀጠለች።

ዛሬም አመለካከታችን የተለያየ ነው። ከክርስቲያን ወገኖቻችን መካከል ጉዳዩን የመጽሐፍ ቅዱስ ተስፋ ፍጻሜ አድርገው የሚያዩ አሉ። ከእኛም ውስጥ አይሁዳዊ የተባለ ሁሉ ከዚያች ምድር ካልወጣ ሰላም የለም የሚሉ አሉ። ሁለት መንግሥታት ጎን ለጎን ይኑሩ የሚሉትም ጥቂት አይደሉም። የ1993ቱ የኦስሎ ስምምነት ግን የቁድስን፣ የስደተኞችንና የሰፈራ መንደሮችን ጥያቄ ለነገ አሳድሮ፣ ነገም ሳይመጣ ቀረ። በኦክቶበር 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት በጋዛ የፈጀው ሕይወት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ ከእስራኤልም በኩል ብዙ ሲቪሎች ተገድለዋል።

የዊንጌት ሕይወት የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ጎጃም ላይ ለተወረረ ሕዝብ የቆመው ሰው ገሊላ ላይ አገሩ ከእጁ እየወጣች ያለችን ሕዝብ መምታቱ፣ ፍትሕን በሁለት ሚዛን ስለ ሰፈረ ነው። እኛም የዋለልንን ውለታ ሳንክድ በፍልስጤማውያን ላይ የፈጸመውን በደል በስሙ ልንጠራው ይገባል። ዲናችን ለምንጠላው ወገን እንኳ ፍትሕ እንዳንነፍግ ያዛል። ለፍልስጤማዊው አገርና ክብሩ ካልተመለሰለት፣ አይሁዳዊውም ያለ ስጋት የሚኖርበት ዋስትና ካላገኘ፣ የሚፈረመው ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። አላህ ለተበዳዮች ፍትሕን፣ ለዚያች የተባረከች ምድርም ሰላምን ይስጥ። አሚን።