ሹመት ከብዕር ያላራቃቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በሸዋ፣ መርሐቤቴ ተወለዱ። በልጅነታቸው አባታቸውን በሞት ቢያጡም የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን ገፍተው ለከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊነት በቁ። የአዲስ አበባ ከንቲባ፣ የልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል።

የሥራ ብዛት ግን ከድርሰት አላራቃቸውም። በ1904 ዓ.ም በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1915 ዓ.ም ደግሞ «ወዳጄ ልቤ»ን ለአንባቢ አቀረቡ። የሥራ ጉዟቸውንም ለብዕራቸው ስንቅ አደረጉት። በ1924 ዓ.ም በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ተጉዘው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተሰኘው መጽሐፋቸው አስፍረዋል። «አዲስ ዓለም» የተሰኘው ልቦለዳቸው በ1925 ዓ.ም የታተመውም በሚኒስትርነታቸው ዘመን ነው።

በ1928 ዓ.ም ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። በመስከረም 1931 ዓ.ም በእንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ አረፉ፤ የአገራቸውን ነፃነት ለማየት አልታደሉም። ትርፍ ጊዜ እስኪገኝ ጠብቀው ቢሆን ኖሮ ከእርሳቸው የሚቀረው የሹመት ስም ብቻ በሆነ ነበር። ከሥራቸው ጎን ለጎን የጻፏቸው መጻሕፍት ግን ዛሬም ይነበባሉ።