አንቶን ቼኾቭ፦ የገባሩ የልጅ ልጅ

የሩሲያ አጭር ልብ ወለድ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው አንቶን ቼኾቭ በ1860 በአዞቭ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ታጋንሮግ ከተማ ተወለደ (ዘመኑን የምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አያቱ ራሱንና ቤተሰቡን በገንዘብ ዋጅቶ በ1841 ነፃ የወጣ ገባር ነበር። ባለሱቁ አባቱ በ1876 ከስሮ ወደ ሞስኮ ሲሸሽ የ16 ዓመቱ አንቶን ሌሎች ልጆችን በክፍያ እያስጠና ትምህርቱን ለመጨረስ ለብቻው ቀረ።

በ1879 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ለመማር ገባ። ብዕር ያነሳው ለቤተሰቡ ቀለብ ሲል ነው። በብዕር ስም ለቀልድ መጽሔቶች በጥድፊያ ከጻፋቸው መካከል ግን ዛሬም ሕያው የሆኑ አሉ። በ1883 የወጣውን የአንድ ተራ የመንግሥት ሠራተኛ ታሪክ እንውሰድ። ሰውየው ቲያትር ቤት ውስጥ ያስነጥሰውና ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ጄኔራል ያርከፈክፈዋል። ይቅርታ ይጠይቃል፤ ጄኔራሉ ምንም አይደለም ይለዋል። አላመነም። ደግሞ ይጠይቃል፣ በማግስቱ ቢሮው ድረስ ይሄዳል፣ ይመላለሳል፤ በመጨረሻ ጄኔራሉ ሰልችቶት ጮኾ ያባርረዋል። ሰውየው ቤቱ ገብቶ የደንብ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ይሞታል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕድሜያችንን የፈጀን ሰዎች ይህን ሰው በደንብ እናውቀዋለን። ጄኔራሉ እኮ ክፉ ሰው አይደለም! የገደለው ራሱ ተሸክሞት የሚዞረው ፍርሃት ነው።

በ1886 የጻፈው የሽማግሌው ጋሪ ነጂ ታሪክ ደግሞ ሳቅ የለበትም። ልጁ ሞቶበታል። ለተሳፋሪው ሁሉ ሊነግር ይሞክራል፣ የሚሰማው ያጣል፤ ማታ ጋጣ ገብቶ ሐዘኑን ለፈረሱ ይተርክለታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቼኾቭ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን በዘሩ በምንኮራበት በፑሽኪን ስም የተሰየመውን ሽልማት ተቀበለ።

ዝናው በገነነ በ1890፣ ሳንባው ደም እያስተፋው፣ ማንም ሳይልከው ሳይቤሪያን አቋርጦ የወንጀለኞች ግዞት ወደነበረችው ሳካሊን ደሴት ሄደ። ያኔ በዚያ በኩል የባቡር ሐዲድ አልነበረም። ከፖለቲካ እስረኞች ጋር እንዳይነጋገር ተከልክሎ፣ ሦስት ወር ያህል ከቤት ቤት እየዞረ የ10,000 ገደማ ሰዎችን ስምና ኑሮ በካርድ መዘገበ። ስለ ደሴቲቱ ያሳተመው መጽሐፍ ልብ ወለድ አይደለም፤ ለእኛ ጋዜጠኞች ግን ከድርሰቶቹ ሁሉ የሚቀርበን እሱ ነው።

በ1892 ሜሊኾቮ በምትባል ገጠር መሬት ገዝቶ ሰፈረ። ኮሌራ ሲያሰጋ ያለ ደመወዝ 25 መንደሮችን በሐኪምነት ተከታተለ፤ ትምህርት ቤቶችም አሠራ። የገበሬውን ኑሮ ሳያቆነጃጅ ያሳየበትን ድርሰት በ1897 ሲያወጣ ሳንሱር ከመካከሉ ቆርጦ ጣለበት። የዚያን መቀስ ድምፅ የምናውቅ እናውቀዋለን። በ1902 ደግሞ የጎርኪ የአካዳሚ አባልነት በመንግሥት ትእዛዝ ሲሰረዝ ቼኾቭ የራሱን አባልነት መለሰ።

ሐምሌ 1904 በጀርመኗ ባደንቫይለር ከተማ በሳንባ ነቀርሳ በ44 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ ሞስኮ የደረሰው የባሕር ምግብ በሚጓጓዝበት የባቡር ፉርጎ ነው። ጎርኪ እንደጻፈው፣ ሊቀብረው ከወጣው ሕዝብ ከፊሉ ከማንቹሪያ የመጣ የአንድ ጄኔራልን ሬሳ በስሕተት ተከትሎ ሄዶ፣ ደራሲው በወታደር ማርሽ መሸኘቱ ገርሞት ነበር።