ማሪ ኩሪና የዮአኪምስታል ዝቃጭ

በኢንዱስትሪ ሥራ የተሰማራ ሰው ሁሉ ከፋብሪካው በር የሚወጣውን ምርት ይቆጥራል፤ በጓሮ በኩል የሚጣለውን ግን እምብዛም አይመረምረውም። ይህን ልማድ ከሻሩት ሊቃውንት መካከል ማሪ ኩሪ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛሉ። ስማቸው በብዛት የሚነሣው ከሁለቱ የኖቤል ሽልማቶቻቸው ጋር ቢሆንም፣ ለእኛ ለመሐንዲሶች ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ከማዕድን ጥራጊ ውስጥ ለካንሰር ሕክምና የሚውል ንጥረ ነገር ነጥለው ያወጡበት አድካሚ ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሪያ ስክሎዶቭስካ በ1867 በዋርሶ ተወለዱ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ዛር አገዛዝ ሥር ነበረች። አባታቸው የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ እናታቸው ልጃቸው ገና የ10 ዓመት ሕፃን ሳሉ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች በሩን የዘጋ ስለነበር፣ ማሪያ በሰው ቤት የልጆች አስተማሪ ሆነው እየሠሩ በፓሪስ ሕክምና ታጠና የነበረችውን እኅታቸውን በገንዘብ ይረዱ ነበር። በ1891 ተራው የእሳቸው ሆነና ወደ ፓሪስ ሄዱ፤ ከሶርቦን በ1893 በፊዚክስ፣ በ1894 በሒሳብ ተመረቁ። በ1895 የፊዚክስ ሊቁን ፒየር ኩሪን አገቡ።

በ1896 አንሪ ቤክሬል ዩራኒየም በዓይን የማይታይ ጨረር እንደሚያመነጭ ደርሰውበት ነበር። ማሪ ይህን ጨረር በአየር ውስጥ በሚፈጥረው እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት አማካይነት መለካት ጀመሩ፤ ለዚህም ፒየርና ወንድማቸው ዣክ ቀደም ሲል የሠሩት የኳርትዝ መሣሪያ አገለገላቸው። ፒችብሌንድ የተባለው የዩራኒየም ማዕድን ከንጹሕ ዩራኒየም አራት እጥፍ ያህል የበለጠ ጨረር ሲሰጥ ተገኘ። በውስጡ ያልታወቀ ነገር ነበረ ማለት ነው። ባልና ሚስቱ በ1898 በመጀመሪያ ፖሎኒየምን፣ ቀጥሎም ራዲየምን ይፋ አደረጉ።

ይሁን እንጂ ኬሚስቶች ያልታየና ያልተመዘነ ንጥረ ነገር ለመቀበል ዝግጁ አልነበሩም። ስለሆነም ራዲየምን ነጥሎ ማውጣት ግድ ሆነ፤ ፒችብሌንድ ደግሞ ውድ ነበር። መፍትሔው በዚያ ዘመን የኦስትሪያ ግዛት በነበረችው፣ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው በዮአኪምስታል ተገኘ። በዚያ የነበረው ፋብሪካ ለመስታወት ማቅለሚያ የሚሆነውን ዩራኒየም ካወጣ በኋላ ዝቃጩን በጥድ ደን ውስጥ ይጥለው ነበር። ባልና ሚስቱ ራዲየሙ በዚሁ ዝቃጭ ውስጥ እንደሚቀር አስቀድመው ገመቱ። የኦስትሪያ መንግሥት የመጀመሪያውን አንድ ቶን በነጻ ሰጣቸው፤ የማጓጓዣውን ወጪ ራሳቸው ቻሉ። የጥድ ቅጠል የተቀላቀለበት ቡናማ አፈር በጆንያ ተሞልቶ ፓሪስ ደረሰ።

የሥራ ቦታቸው ጣሪያው የሚያፈስ፣ ቀድሞ ለሕክምና ተማሪዎች የአስከሬን መማሪያ የነበረ ቤት ነበር። ማሪ በአንድ ጊዜ እስከ 20 ኪሎ ግራም እየወሰዱ፣ የሚፈላውን በረጅም የብረት ዘንግ ያማስሉ ነበር። ዝቃጩ በሶዳ ይቀቀላል፤ ከዚያም በአሲድ ይሟሟል። ራዲየም በኬሚካዊ ጠባዩ ባሪየምን ስለሚመስል ሁለቱ አብረው ይወጣሉ። የሁለቱ ክሎራይድ እየሟሟ ደጋግሞ ወደ ክሪስታልነት ሲመለስ፣ የራዲየሙ ክሎራይድ ለመሟሟት ያለው ዝንባሌ ዝቅተኛ በመሆኑ ቀድሞ የሚረጋው ክሪስታል በራዲየም እየበለጸገ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ደረጃ የትኛው ክፍል እንደሚያዝ የሚወስነው የጨረር መለኪያው ነበር። በተፈጥሮ ማዕድን ውስጥ ለአንድ ቶን ዩራኒየም የሚደርሰው ራዲየም የአንድ ግራም ሲሶ ያህል ብቻ በመሆኑ ሥራው ከላቦራቶሪ አቅም በላይ ሆነ፤ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች አንድ የኬሚካል ኩባንያ በአንድሬ ደቢየርን ተቆጣጣሪነት አከናወነ። በ1902 የግራም አንድ አሥረኛ የሚሆን ንጹሕ የራዲየም ክሎራይድ ተገኘ። በማግሥቱ ዓመት ባልና ሚስቱ ከቤክሬል ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ፒየር ራዲየምን በገዛ ክንዳቸው ላይ አኑረው ቆዳን እንደሚያቃጥል አረጋገጡ። ሐኪሞችም ይህን ኃይል በዕጢ ላይ ማዋል ጀመሩ። ባልና ሚስቱ አሠራሩን በፓተንት ሳይዙ ለሁሉም ገለጹት። ውሳኔው ለሕክምና በር ቢከፍትም ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ የራዲየም ገበያ ሲደራ ማሪ ለገዛ ምርምራቸው የሚበቃ ራዲየም መግዛት አልቻሉም። በ1921 አንዲቱን ግራም ያገኙት የአሜሪካ ሴቶች ባዋጡት 100,000 ዶላር ነው።

ፒየር በ1906 በጋሪ ተገጭተው ሲሞቱ ማሪ ሁለት ሴት ልጆችን ይዘው ቀሩ። የባላቸውን ወንበር ተረክበው በሶርቦን የመጀመሪያይቱ ሴት አስተማሪ ሆኑ፤ በ1911 የኬሚስትሪ ኖቤልን ብቻቸውን ተሸለሙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኤክስሬይ መኪናዎችን አደራጅተው ወደ ግንባር አዘመቱ። በ1934 የአጥንት መቅኔያቸው ደም መሥራት አቁሞ በ66 ዓመታቸው አረፉ። ለዚህ ያበቃቸው ለብዙ ዓመታት የተጋለጡበት ጨረር መሆኑ በሰፊው ይታመናል። የሥራ ደብተሮቻቸው ዛሬም ጨረር ስለሚሰጡ በእርሳስ በተለበጡ ሣጥኖች ይጠበቃሉ።

ከእሳቸው በኋላ ኮባልት 60ና ሌሎች አይሶቶፖች የራዲየምን ቦታ ወሰዱ፤ የሆስፒታሎች የራዲየም መርፌዎችም በተራቸው ውጋጅ ሆኑ። የራዲየም 226 ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ነውና ጠባቂዎቹ እንደ ሸክም ቆጠሩት። ዛሬ ግን ያው አሮጌ ራዲየም ተሰብስቦ፣ ግማሽ ዕድሜው 10 ቀን ያህል የሆነው አክቲኒየም 225 ይሠራበታል። በአሜሪካ ኦክ ሪጅም፣ ሊወገድ ከተዘጋጀው ዩራኒየም 233 ውስጥ ቶሪየም 229 እየተለየ ይኸው አክቲኒየም ይገኛል። አክቲኒየሙ በካንሰር ሕዋሳት ላይ በሚደረጉ የሕክምና ሙከራዎች ይውላል።

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚተርፉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ማናቸውም ተረፈ ምርት ከመጣሉ በፊት ምን እንደያዘ መለካትና መመዝገብ እንዳለበት ነው። ሁለተኛው፣ የሚጠቅመውን ከውጋጅ ነጥሎ የሚያወጣ እጅ ራሱ ጥበቃ የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ማሪ ኩሪ በሥራቸው አስተማሩን፤ ሁለተኛውን በሕይወታቸው ከፈሉበት።