ዶክተር ሉዊስ ሊኪ

ዶክተር ሉዊስ ሊኪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1903 ዓ.ም. በናይሮቢ አጠገብ በካቤቴ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወፎችን አጥብቀው ይወዱ ነበር። በአካባቢያቸው የለቀሟቸውን ስል ድንጋዮች የናይሮቢ ቤተ መዘክር ኃላፊ አርተር ላቭሪጅ ሳይንቅ መርምሮ፥ የጥንት ሰው መሣሪያዎች መሆናቸውን ስለ መሰከረላቸው ልባቸው ወደ ምርምር አዘነበለ። በ1924 ዓ.ም. ወደ ታንጋኒካ ወርደው፥ በቴንዳጉሩ ዳይኖሶር የተባሉትን የጥንት ተሳቢ እንስሳት አጥንት ፍለጋ ሲሠሩ፥ በኋላ በኦልዱቫይ የረዳቸውን የቍፋሮ ጥበብ ቀሰሙ። የእነዚያ አጥንቶች ዕድሜ 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በ1861 ዓ.ም. በጀርመን አገር የታወቀው፥ ላባም ጥርስም ያለው አርኬኦፕተሪክስ የዚያው ዘመን ፍጥረት ሲሆን፥ ወፎች ከዳይኖሶሮች ወገን መውረዳቸውን ያስረዳል። እንግዲህ ሊኪ በልጅነት የወደዱትና በወጣትነት የቈፈሩት የአንድ ዘር ነበረ። በ1972 ዓ.ም. ዐረፉ። በኢስትሊ የምናስተምር ሁሉ፥ ተማሪ ድንጋይ ይዞ ሲመጣ ላቭሪጅን እናስብ።