የቋራው ካሣና የአንደበት ቍስል

ከሸሕዲ በስተ ደቡብ ያለው የቋራ ቆላ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ካሣ ኃይሉን፣ ኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ የተባሉትን ንጉሠ ነገሥት፣ አስገኘ። ስለ ጦራቸውና ስለ መድፋቸው ብዙ ተጽፏል፤ በቤታቸው ስለ ተነገረው ቃልና ቃሉ ስላመጣው ነገር ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ክርስቲያን ባልና ሚስት፣ አማትና አማች፣ በአንደበታቸው እንዴት እንደሚቋሰሉ ለሚመረምር ሰው የእኒህ ንጉሥ የቤት ኑሮ ከዘመቻቸው ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

አባታቸው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ መኳንንት ወገን ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን በጎንደር በችግር ሲኖሩ ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን አሳደጉ ይባላል። ነገሩ እውነት ይሁን የጠላት ወሬ፣ የታሪክ ሰዎች አልተስማሙበትም። እውነትም ቢሆን፣ ኮሶ ስንቱ መኰንን ጥሬ ሥጋ ካበዛ በኋላ የዳነበት መድኃኒት ነውና፣ ሻጪዪቱ ልትመሰገን እንጂ ልትነቀፍ አይገባም ነበር። መኳንንቱ ግን ልጁን በኮሶ ሻጭ ልጅነት ሰደቡት፤ ስድቡም ዘውድ ከጫኑ በኋላ እንኳ አልለቀቃቸውም። በልጅነታቸው በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም የተማሩ፣ መጻሕፍትንም የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ የእናታቸው ስም በክፉ በተነሣ ጊዜ ግን ትዕግሥታቸው ያልቅ ነበር።

በቆላው ኃይላቸው በበረታ ጊዜ የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ሊያቀርቧቸው አስበው የልጅ ልጃቸውን ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩላቸው። ጋብቻው ለማሰሪያ የታሰበ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ለፍቅር አደረገው። ቤተ መንግሥቱ ግን የቆላውን አማች ማቃለል አልተወም። ካሣ ቆስለው በተኙ ጊዜ ለሐኪማቸው የሚሆን ከብት ቢለምኑ፣ እቴጌይቱ ከሥጋው ቍራጭ ብቻ ላኩላቸው ተብሎ ይተረካል። ከሥጋው ማነስ ይልቅ ንቀቱ አመማቸው። ወይዘሮ ተዋበች ያን ጊዜ ለአያታቸው አድልተው ባላቸውን ሊያቃልሉ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን የባላቸውን ውርደት እንደ ራሳቸው ውርደት ቈጠሩት።

ከዚያ ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጪቱን ልጅ አስረው ሊያመጡ ፎክረው ወደ ቆላ ወረዱ፤ ነገር ግን ድል ሆነው ተማረኩ። ካሣም ያን ቀን እህል በማጣት አሳብበው ምርኮኛውን ኮሶ አስጠጧቸው ይባላል። ይህን ሰው ሁሉ እየሳቀ ያወራዋል፤ ነገር ግን የሚያስቅ አይደለም። በዘመድ መካከል ከወጣች አንዲት የንቀት ቃል የስንት ሰው ደም ፈሰሰ! በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነን ራሳቸው በአማቻቸው እጅ ተማረኩ።

በሰኔ 1845 ዓ.ም. ካሣ አማታቸውን ራስ ዓሊን በአይሻል ድል አደረጉ። ወይዘሮ ተዋበች በአባታቸውና በባላቸው መካከል ቆመው ሳሉ ከባላቸው ጋር ጸኑ፤ ጋብቻቸውም በቅዱስ ቍርባን የታተመ ነበር። ንጉሡ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ነገሡ። ሚስታቸው በ1850 ዓ.ም. ሲያርፉ እጅግ አዘኑ፤ ቍጣቸውን በለሰለሰ ቃል የሚያበርድ ሰው ከቤታቸው ጠፋ።

በ1852 ዓ.ም. ገደማ የደጃዝማች ውቤን ልጅ ወይዘሮ ጥሩነሽን አገቡ። የሙሽራዪቱ አባት በደረስጌ ድል ከሆኑ ጀምሮ በንጉሡ እስር ቤት ነበሩ። አንድ ቀን ንጉሡ ወደ እልፍኝ ሲገቡ ወይዘሮ ጥሩነሽ ዳዊት ይደግሙ ነበርና አልተነሡም፤ ስለ ምን ቢባሉም፣ ከእርሳቸው ከሚበልጥና ከሚሻል ንጉሥ ጋር በመነጋገር ላይ መሆናቸውን ገለጹ ተብሎ ተጽፏል። መልሱ የተማረ ሰው መልስ ነው፤ እንደ ቅኔም ሰም እና ወርቅ አለው። ነገር ግን ሰሙ ጸሎት፣ ወርቁ ስድብ ነበር። ንጉሡም የኮሶውን ስድብ እንደ ገና በመዝሙር ውስጥ ሰሙት። በወይዘሮ ጥሩነሽ ብቻ መፍረድ ግን አይገባም፤ አባቷን በሰንሰለት ያሰረ ባል ከሚስቱ አንደበት ማር ሊጠብቅ አይችልም። ንጉሡ ቃሉ ከምን ቍስል እንደ ወጣ አልጠየቁም፤ የየጁዋን ወይዘሮ የተመኙን ዕቁባት አድርገው በማስገባት መለሱ። ይህ ያለ ቃል የተነገረ ስድብ ነው፤ ለቍርባን ሚስታቸው ያን ያህል የታመኑ ንጉሥ ወደዚህ መውረዳቸው ያሳዝናል።

ሚያዝያ 1853 ዓ.ም. የተወለደው ልዑል ዓለማየሁ ያደገው እንዲህ ባለ ቤት ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲቃረብ ንጉሡ ከወይዘሮ ጥሩነሽ ጋር ታረቁ ይባላል። ዕርቁ ግን የጥቂት ቀን ዕድሜ ብቻ ነበረው፤ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ወይዘሮ ጥሩነሽም ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በግንቦት በትግሬ አርፈው በጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ልጃቸው ግን ባሕር ተሻግሮ ሄደ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት፣ ከአባቱም ከእናቱም መቃብር ርቆ ተቀበረ።