ይድነቃቸው ተሰማ፦ አሠልጣኝና የአፍሪካ ሰው

ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ በፍፁም ቅጣት ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ማሰናበቱን ቤሌ ውስጥ ኳስ የሚያባርር ልጅ ሁሉ ያወራዋል። ውድድሩን የሚያዘጋጀውን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ሲሆኑ በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከ20 ዓመት በላይ ተጫውተው ወደ አሠልጣኝነት ገቡ። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሳቸው ቡድን መጀመሪያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈ፤ በፍጻሜውም ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረታ። አገራችን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው ያኔ ብቻ ነው።

ትልቁ ግጥሚያቸው ግን ከሜዳ ውጪ ነበር። ኮንፌዴሬሽኑ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲቋቋም ደቡብ አፍሪካም አብራ ነበረች። ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ ከውድድሩ ወጣች። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ አፓርታይድ እያለ አትመለስም ብለው ጸኑ። በ1968 ዓ.ም. ፊፋም ደቡብ አፍሪካን አባረረ።

በነሐሴ 1979 ዓ.ም. በሥልጣን ላይ እያሉ አረፉ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ በአንድ ማልያ አሰልፋ በ1988 ዓ.ም. ዋንጫውን ስታነሳ ለማየት አልታደሉም። አሠልጣኝ የሚለካው በዋንጫ ብቻ ነው የምንል ሰዎች ይህንንም አብረን ብንቆጥርላቸው ጥሩ ነው።